የቢዝነስ ሕግ ቢሮ ስትይዙ ጉዳያችሁን የሚሠራው ማን ነው?

ካርቶን_ሰሪ፦
ሰላም ቤቶች። የምታውቁ ካላችሁ ምከሩኝ።

እኔና የልጅነት ጓደኛዬ የማሸጊያ ካርቶን እናመርታለን። ፒኤልሲ ነው፤ ድርሻችን እኩል በእኩል። ማምረቻው ቃሊቲ ነው፣ ቢሮአችን ሜክሲኮ። አሁን አንድ የውጭ ኩባንያ 40 በመቶ ድርሻ ልያዝ ብሎ መጥቷል። እስከ ዛሬ ጠበቃ የፈለግነው በደረቅ ቼክ ስንመታ ብቻ ነው። ለዚያ የሚሆን የሰፈር ጠበቃ አለን። የልደታን ችሎቶች ጠንቅቆ ያውቃል፣ ሰውየው ጎበዝ ነው። ለዚህኛው ግን «የቢዝነስ ሕግ ቢሮ ያዙ» ተባልን።

ከስታዲየም እስከ ቦሌ ያሉትን ቢሮዎች ድረ ገጽ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ሁሉም አንድ ነው። ሱፍ የለበሱ ሰዎች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ከሥር «የሙያ ዘርፎቻችን» ይላል። ኩባንያ፣ ውህደትና ግዢ፣ ባንክ፣ ታክስ፣ ኢነርጂ፣ ማዕድን፣ አቪዬሽን፣ ቴሌኮም፣ ምኑ ቅጡ። አንዱ ጋ ቆጠርኩት፤ 17 ዘርፍ፣ 6 ሰው። ሜኑው ላይ 40 ምግብ ደርድሮ ስታዝ «ዛሬ ሽሮ ብቻ ነው» የሚልህ ቤት ትዝ አለኝ።

እና እነዚህ ሰዎች ውስጥ ለውስጥ እንዴት ነው የሚሠሩት? ማንን ነው መጠየቅ ያለብኝ?

ቡና_ጠጪ፦
ሽሮውን በደንብ ከሠሩት ምን አለበት? ሃሃ። እየተከታተልኩ ነው፣ እኔም ይጠቅመኛል።

ነገረፈጅ፦
እኔ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ቢሮዎቹን ከሚቀጥረው ወገን ስለሆንኩ የማየውን ልንገርህ።

ከላይ ፓርትነሮቹ አሉ። በሩ ላይ ስማቸው ያለው እነሱ ናቸው። ሥራ ያመጣሉ፣ ደንበኛ ያነጋግራሉ፣ መጨረሻ ላይ ይፈርማሉ። ቀጥሎ ሲኒየር አሶሼት አለ። ስብሰባ ላይ ብዙ የማይናገር፣ ግን ሳያቋርጥ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ካየህ እሱ ነው። ጉዳይህ ያለው እሱ እጅ ላይ ነው። ከሱ በታች ጁኒየሮቹ። ከዚያ ደግሞ ፎቶው ድረ ገጹ ላይ የማይወጣ፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማከብረው ጉዳይ አስፈጻሚው አለ። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ የቃለ ጉባኤው አንድ መስመር ስለተዛነፈ ሲመልሱት፣ አስተካክሎ በዚያው ቀን የሚያስጨርስ ሰው ካላቸው ቢሮው ደህና ነው።

ዘርፉን በተመለከተ 17ቱን እርሳው። የአብዛኛው ቢሮ እንጀራ ሦስት አራት ነገር ነው። ኩባንያ ማቋቋምና ማሻሻል፣ የኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ አሠሪና ሠራተኛ፣ የፍርድ ቤት ክርክር። የተቀረው አንድ ጊዜ የተነካካ ሥራ ነው። ለአየር መንገድ አንድ ደብዳቤ የጻፈ ሁሉ «አቪዬሽን» ብሎ ይለጥፋል።

ስለዚህ «ይህን ትሠራላችሁ?» ብለህ አትጠይቅ። ሁሉም አዎ ነው የሚልህ። «በቅርቡ የውጭ ባለሀብት ድርሻ ሲገዛ ሰነዱን ያረቀቀው ማን ነው? እሱን አገናኙኝ» በል።

ጁኒየር_ነኝ፦
ያ ማስታወሻ የሚይዘው ሰው እኔ ነኝ። ሲኒየር አላደረጉኝም እንጂ።

ከውስጥ ሆኜ ልናገር። ፈቃድ ያላወጣ ጁኒየር ችሎት አይቆምም። ያረቅቃል፣ ያነባል፣ ይተረጉማል። ለእንዳንተ ዓይነት ሥራ ግን ዋናው ነገር ማንበቡ ነው። ገዢው ዲው ዲሊጀንስ ይላል። ሲተረጎም የናንተ ቦክስ ፋይሎች የስብሰባ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋሉ፣ እኔም ከጠዋት እስከ ማታ አነባቸዋለሁ ማለት ነው። የመመሥረቻ ጽሑፉ ከነማሻሻያዎቹ አለ? ካፒታል ሲያድግ ቃለ ጉባኤው ተመዝግቧል? የባለድርሻዎች መዝገብ የሚባለውን ነገር ያየው አለ? ከዚያ የሠራተኛ ውሎች፣ የባንክ ብድር፣ የማሽን መያዣ። ብዙ የቤተሰብና የጓደኛ ድርጅት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ጥሩ፣ ገበያው ጥሩ፣ ወረቀቱ የለም።

ሌላ ነገር። ሰሞኑን «ካፒታል ገበያ» የማይል ቢሮ የለም። አዋጁ 1248 የወጣው በ2013 ነው፣ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው ሥራ የጀመረው ጥር 2017። በዚህ ዘርፍ የአሥር ዓመት ልምድ አለን የሚል ካጋጠመህ ሻይህን ጨርሰህ ውጣ። የግል ዳታ ጥበቃም እንደዚያው ነው፤ አዋጅ 1321 የ2016 ነው። ጎበዝ ሰው የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ግን አዲስ መሆኑን ራሱ ይነግርሃል።

የተቃጠለ_ደንበኛ፦
እኔ የደረሰብኝን ልጻፍ። የቢሮውን ስም አልጠራም።

መጀመሪያ ምሳ ጋበዙን። ፓርትነሩ ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ቢዝነሳችን ሲጠይቅ፣ ሲያደንቅ ዋለ። ፈረምን። ከዚያ በኋላ ሰውየውን ያየሁት ሊንክዲን ላይ ነው። ጉዳዩ ለአንዲት ልጅ ተሰጠ፤ ጎበዝ ነበረች፣ ለቀቀች። ለሌላ ተሰጠ፣ እሱም ለቀቀ። በየጊዜው ታሪካችንን ከ«ሀ» እንጀምራለን። በመጨረሻ ያመጡልን የባለድርሻዎች ስምምነት አንቀጽ 14 ላይ የማናውቀው የስኳር ድርጅት ስም አለ። ከሌላ ደንበኛ ውል ገልብጠው ስሙን ማጥፋት ረስተዋል። እኛ የምንሠራው ሶፍትዌር ነው!

በዚህ ላይ ሒሳቡ በዶላር ተሰልቶ በብር። ምን አለፋህ፣ ሆድ ይፍጀው።

ጁኒየር_ነኝ፦
ወይ ጉድ። አብነት ላይ መሥራት ነውር አይደለም፣ ሁሉም ቢሮ አብነት አለው። ሳያነቡ መላክ ነው ነውሩ።

የጁኒየሩ መልቀቅ ግን እውነት ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተን ባንክ ነገረ ፈጅ እንሆናለን፣ ወይ ዓለም አቀፍ ድርጅት እንገባለን። @ነገረፈጅ ይመስክር።

ነገረፈጅ፦
እመሰክራለሁ። እኔም የመጣሁት እንደዚያ ነው። ባንክ ቤት ቢያንስ 11 ሰዓት ላይ ቤትህ ትገባለህ።

እትዬ_ሒሳብ፦
እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ጠበቆቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ ካርቶን ሰሪ፣ ሒሳባችሁ ስንት ነው? ለገቢዎች የሚቀርብ አንድ፣ ለባንክ ብድር የሚቀርብ አንድ፣ ለራሳችሁ ደብተር ላይ ያለ አንድ ከሆነ ገዢው ሦስቱን አስቀርቦ ሲያስተያይ ዋጋው ይወርዳል። አለዚያም «ወደፊት የሚመጣ የታክስ ዕዳ ሁሉ በናንተ» የሚል አንቀጽ ያስፈርማችኋል። እኔ ይህን ያየሁት ሌሎች ላይ ነው፣ በኋላ ሁሉም «ጠበቃው አላየልንም» ይላል። ጠበቃው ያልተነገረውን ከየት ያያል?

«ታክስ» ብለው ዘርፍ የሚለጥፉ ቢሮዎችንም ጠይቃቸው። ታክስ ማለት ለነሱ ይግባኝ ኮሚሽን ሄዶ መከራከር ነው? ወይስ ቁጭ ብሎ የድርሻ ሽያጩን ግብር ማስላት? ሁለቱ የተለያየ ሰው ሥራ ነው።

የድሮ_ጠበቃ፦
ልጆቼ፣ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

እኔ ስጀምር የጥብቅና ድርጅት የሚባል ነገር በሕግ አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 199/1992 ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰብ ነው። በር ላይ «እገሌና ተባባሪዎቹ» ብለን እንለጥፋለን። ውሉን የሚፈርመው አንድ ሰው፣ ተጠያቂውም አንድ ሰው። የተጋራነው የቢሮ ኪራይና ጸሐፊ ነበር። ዋናው ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ቢሮውም አብሮት ያልቅ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ እንዲህ የተዘጉ ስንት ጥሩ ጥሩ ቢሮዎች አውቃለሁ። ካዛንቺስ ራሷ በ2017 አብዛኛዋ ፈርሳለች፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ይህን የለወጠው በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። ጠበቆች ተሻርከው ድርጅት እንዲያቋቁሙና በድርጅቱ ስም ውል እንዲገቡ ፈቀደ። የፌዴራል ጠበቆች ማህበርንም ያቋቋመው ይኸው አዋጅ ነው። ግን ዛሬም በር ላይ እንደ ድርጅት ተለጥፎ ውሉን በግለሰብ ስም የሚያስፈርም አለ።  አንተ ግን ማወቅ አለብህ። ውል የምገባው ከድርጅቱ ጋር ነው ወይስ ከእርስዎ ጋር? ብለህ ጠይቅ። ፈቃዱንም አሳዩኝ በል፣ ማንም አይቀየምህም። ፍትሕ ሚኒስቴር የሰጠው ወረቀት ነው፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

የጥብቅና ውሉ ላይ ደግሞ ጉዳዩን የሚይዘው ሰው በስም ይጻፍ። እሱ ቢለቅ ማን እንደሚተካው፣ ሲተካም ለአንተ እንደሚነገርህ ይጻፍ። @የተቃጠለ_ደንበኛ የደረሰበት ነገር ምሳ ሳይሆን ይህ አንድ መስመር ስለሌለ ነው።

የተቃጠለ_ደንበኛ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ያ መስመር ነበረ፤ ግን ባዶ ነበር። ነጥብ ነጥብ ብቻ።

ካርቶን_ሰሪ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ያልጠበቅኩት ነው።

ትንሽ ልጨምር። ገዢዎቹ «የእኛ ጠበቃ አዲስ አበባ ውስጥ አለ፣ ለሁለታችንም ይሥራልን፣ ወጪ እንቀንስ» ብለዋል። ጓደኛዬ ደስ ብሎታል። የእኔ ቀልብ ግን አልወደደውም። ንግድ ፈቃዳችን ላይ ከማምረት ሌላ ወረቀት ማስመጣትም አለ፤ የተረፈንን ለሌሎች እንሸጣለን። ይህ ችግር አለው?

የድሮ_ጠበቃ፦
ልጄ፣ አንድ ጠበቃ ለገዢና ለሻጭ? ጨርሶ እንዳትስማማ። የጥቅም ግጭት ነው፣ የሙያው ሥነ ምግባር ይከለክላል። ያን ሐሳብ ያመጣው ጠበቃው ራሱ ከሆነ ደግሞ ስለ ሰውየው የምታውቀው ይበቃሃል።

ማስመጣቱን በተመለከተ፦ አስመጪነት ለረጅም ጊዜ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተተወ ነበር። በ2016 የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ከፈተ፤ ከነቅድመ ሁኔታው። ስለዚህ የውጭ ሰው ሲገባ ያ የፈቃድ መስመር እንደገና ይታያል። ማምረቱ ግን ችግር የለበትም። በአዋጅ 1180/2012 ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በጋራ የሚገባ የውጭ ባለሀብት ዝቅተኛው ካፒታል 150 ሺህ ዶላር ነው። ገንዘቡ በባንክ ይግባ፣ ይመዝገብም። ያልተመዘገበ የውጭ ካፒታል በኋላ ትርፉን ላውጣ ሲል እንቅፋት ይሆንበታል። ያኔ ጠቡ ከናንተ ጋር ነው።

ነገረፈጅ፦
አንድ ሒሳብ ልሥራላችሁ። አሁን 50 ለ 50 ናችሁ። እሱ 40 ሲይዝ እናንተ 30ና 30 ትሆናላችሁ። በቃ፣ ትልቁ ባለድርሻ እሱ ሆነ። ከአንዳችሁ ጋር ከተስማማ 70 በመቶ ነው። «ጥቂት ድርሻ ሸጥን» ብላችሁ ስትተኙ ማለት ነው።

40ው የሚመጣው ከየት እንደሆነም አልነገርከንም። ከናንተ ድርሻ ከሆነ የሚሸጠው ገንዘቡ ኪሳችሁ ይገባል፣ በጥቅሙ ላይ ግብር አለ፣ ድርጅቱ ሳንቲም አያገኝም። ካፒታል አሳድጋችሁ አዲስ ድርሻ ከሆነ የሚሰጠው ገንዘቡ የድርጅቱ ነው። ማሽን ይገዛበታል። አንድ ጥሩ የኩባንያ ጠበቃ መጀመሪያ ቀን የሚጠይቅህ ይህንን ነው። ካልጠየቀህ ሌላ ፈልግ።

ካርቶን_ሰሪ፦
30፣ 30፣ 40። ይህን ለጓደኛዬ በስልክ ሳነብለት ዝም አለ።

ስድስት_ኪሎ፦
የሕግ ተማሪ ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። ግልግልስ? ማለቴ ጠብ ቢነሳ ከፍርድ ቤት ውጭ፣ ተዋዋዮቹ በመረጧቸው ዳኞች መዳኘቱስ? የውጭ ኩባንያዎች እዚህ ፍርድ ቤት መቆም አይፈልጉም ይባላል።

የድሮ_ጠበቃ፦
ጥሩ ጠየቅህ። ናይሮቢ ወይም ለንደን እንዳኝ ይሏችኋል። ኢትዮጵያ በ2012 የኒውዮርክ ስምምነትን አጽድቃለች፣ ስለዚህ ውጭ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ እዚህ ሊፈጸም ይችላል። ለካርቶን ፋብሪካ ግን ለንደን ሄዶ መከራከር ማለት ገና ሳትከራከር መሸነፍ ነው፣ ወጪው ይጥልሃል። በ2013 የወጣ የግልግል አዋጅ አለን፣ ቁጥሩ 1237። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤትም የግልግል ተቋም አለው። ሜክሲኮ ነው፣ ከቢሮህ በእግር ትደርሳለህ።

ጁኒየር_ነኝ፦
ሁሉም ጥሩ። እኔ ግን የቦክስ ፋይል ሰው ስለሆንኩ አንድ ጥያቄ ይዞኛል። የቃሊቲው ሼድ ካርታ በማን ስም ነው?

ካርቶን_ሰሪ፦
በአባቴ ስም። አባቴ አርፏል።

ጁኒየር_ነኝ፦
ነፍስ ይማር። ድርጅቱ የኪራይ ውል አለው?

ካርቶን_ሰሪ፦
የለም። አባቴ «ሥሩበት» ብሎ ነው የሰጠን። እናቴ አለች፣ ወንድሜ አለ፣ እህቴ ካናዳ ናት። ውርሱን አላስጨረስንም፤ ማንም ጥያቄ ስላላነሳ ዝም ብለን እየኖርን ነው።

ጁኒየር_ነኝ፦
ገዢው ማሽኖቹ የቆሙበትን ቦታ ሲጠይቅ የምታሳየው ወረቀት የለህም ማለት ነው። 40 በመቶው ወሬ እዚህ ላይ ይቆማል።

የድሮ_ጠበቃ፦
እንግዲህ የመጀመሪያ ሥራህ ውህደትና ግዢ አይደለም። ውርስ ነው። ከ17ቱ ዘርፍ ውስጥ የለበትም፣ ሱፍ ለባሾቹ ብዙም አይወዱትም።

የወራሽነት ማስረጃ ከከተማው ፍርድ ቤት ይወጣል። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእናትህ ነው፣ የሚወረሰው የአባትህ ግማሽ ነው። ከዚያ ስሙ ይዛወራል፣ ከዚያ ወራሾቹ ሁሉ ለድርጅቱ ረዘም ያለ የኪራይ ውል ይሰጣሉ። ኪራዩ ይከፈል፣ በነፃ አይሁን። እናትህም ይጠቀሙ።

ለዚህ ደግሞ ያ የሰፈር ጠበቃህ ይበልጣል። እኔ እንኳ ብሆን ለሱ እሰጠዋለሁ።

ነገረፈጅ፦
እዚህ ላይ ከጋሼ ትንሽ እለያለሁ። ውርሱን የሰፈሩ ጠበቃ ይሥራው፣ ጥሩ። ግን የኪራይ ውሉን የኩባንያው ጠበቃ ያርቅቀው። ገዢው የሚያነበው እሱን ነው። ጠቡ ቤተሰብ ውስጥ ቢነሳ ድርጅቱ ከሼዱ እንዳይወጣ የሚያደርግ አንቀጽ ያስፈልጋል። የልደታ ጠበቃ ክርክር ሲመጣ ያሸንፍልሃል። የኩባንያ ጠበቃ የምትከፍለው ክርክሩ እንዳይመጣ ነው።

የድሮ_ጠበቃ፦
በዚህ እስማማለሁ። ሁለቱ ግን ይተዋወቁ፣ ስልካቸውን ተለዋወጡ በላቸው። ሁለት ጠበቃ ይዞ መሀል ላይ ወረቀት አመላላሽ የሚሆን ደንበኛ ብዙ አይቻለሁ።

ቡና_ጠጪ፦
ካርቶኖቹ ላይ የሚታተመው ምልክታችሁስ ተመዝግቧል? የንግድ ስም ንግድ ሚኒስቴር ነው የሚመዘገበው። የንግድ ምልክት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ ለ7 ዓመት። ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ካርቶን_ሰሪ፦
ስሙ ብቻ ነው የተመዘገበው። ይህንም ያዝኩት።

እንግዲህ ሰኞ አንድ ቢሮ ቀጠሮ አለኝ፣ ሰንጋተራ አካባቢ። ፓርትነሩን ሳይሆን ሥራውን የሚሠራውን ልጅ አስቀምጡልኝ ብያለሁ። ትንሽ ደነገጡ፣ ግን እሺ አሉ። ለገዢዎቹም «የራሳችንን ጠበቃ እንይዛለን» ብለን ጻፍን፤ ምንም አላሉም። ውርሱን የሰፈሩ ጠበቃ ዛሬ ጀምሯል። እህቴ ግን መምጣት አትችልም። ምን ትላክ?

ጁኒየር_ነኝ፦
ውክልና። ኤምባሲ ሄዳ ትስጥ፣ ኦታዋ ነው ያለው። ውርስ ማጣራት፣ ስም ማዛወርና ማከራየት የሚሉት ሦስቱም በግልጽ ይጻፉ፤ «አጠቃላይ ውክልና» ብቻ ብላ ከላከች ይመልሱባችኋል። እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ረቂቁን የሰፈሩ ጠበቃ ጽፎ በቴሌግራም ይላክላት፣ እዚያ ያለ ሰው እንዳይጽፍላት።

ካርቶን_ሰሪ፦
ካልጋሪ ናት፣ ኦታዋ ሩቅ ነው። ማታ ደውዬ መቼ መሄድ እንደምትችል እጠይቃታለሁ።

እትዬ_ሒሳብ፦
እስከዚያው ሦስቱን ሒሳብ አንድ አድርግ።